ሃያ አራት ወንበር

እኔ ድራሆሚራ፣ የመንደሩ ጸሐፊ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማኅተም አታሚ፣ ፋይል አሳላፊ፣
ዛሬ ማታ ደግሞ ዕጣ ጠቅላይ ሆንኩኝ፤
አርባ አንድ ብጣሽ ላይ አርባ አንድ ስም ጻፍኩኝ።

ቦታው የእሳት አደጋ መኪና ማደሪያ፤
መኪናው ደጅ አድሮ፤
መክተቻው የሽቦ ከበሮ፣
የሰባ አሳማ ዕጣ በበዓል ቀን ይወጣበት የነበር ድሮ።
አሁን የሚወጣው የአንደኛ ክፍል ነው፤
ወንበሩ ሃያ አራት፣ ልጁ አርባ አንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር።
ከቪሽኖቪትሴ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣
የአባቴ የገብስ መሬት፣ ዳር ዳሩን የፕለም አበባ።
ገዢው በጥቁር መኪና፣ በነጭ ሸሚዝ መጣ፤
ካርታ ዘረጋልኝ፣ ብዕር ከኪሱ አወጣ።
ፈረምኩ። ምን ልዋሽ? እጄ አልተንቀጠቀጠ፤
የልጄ ዕዳ ነበር አንገቷን የዋጠ።

በዓመቱ ሰሌዳ ቆመ፤ እንዲህ ይላል ጽሑፉ፦
«ጸጥታ፣ ንጹሕ አየር፣ ከፕራግ ሃያ ደቂቃ፤
ልጆችዎ ይቦርቁ፣ እርስዎም እዚህ ይረፉ።»
መቶ ስልሳ ቤት በቀለ፣ አንድ መልክ፣ አንድ ቁመት፣
ገብሱ በቆመበት መስመር፣ በሁለት በጋ፣ በአንድ ክረምት።

ሰው መጣ። ሰው ክፉ አይደለም፤ ሰላምታው መልካም ነው፤
መታወቂያው ግን የፕራግ፣ ግብሩም የሚቆጠረው እዚያው ነው።
ለመዝገቤ የሌለ ሰው ለቧንቧዬ ግን አለ፤
ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ገላውን ሲታጠብ፣ ውኃዬ ክር አከለ።

የሐኪሟ የሩዜና በር፣ ድሮ አንኳኩተን የምንገባበት፣
«አዲስ ታካሚ አንቀበልም» የሚል ወረቀት አለበት።
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው።
«ይቺን ጉልበቴን የሚያይ ሐኪም ባገኝ» ብላ ትስቃለች፤
ከዚያ «ቀጣይ!» ትላለች።
የማለዳው አውቶቡስ፣ ቦሁሽ የሚነዳው፣
ይቅርታ በእጁ አሳይቶ ያልፈናል፤ መቆሚያም የለው።
ከንቲባው ቮይቴህ ጻፈ፤ «ገንዘቡ ከላይ ነው» ተባለ፤
ከላይም «ሕዝባችሁ ስንት ነው?» ሲሉ፣ መዝገቡ «ስድስት መቶ» አለ።

አሁን ከበሮው ዞረ።
ነባሩ ወላጅ በግራ፣ አዲሱ በቀኝ ሆኖ፣
መሐሉ ባዶ ሲሚንቶ።
ከብጣሾቹ አንዱ አፖሌና ይላል፤ የልጄ ልጅ ናት፤
ስጽፈው አውራ ጣቴን ጥጉን ማጠፍ ቃጣት።
አንዲት እጥፋት ብቻ! ጣት ዓይን የላትም፣ ግን ታውቃለች፤
ቮይቴህም አብሮኝ ነው ያደገው፣ የእሱም ጣት ነገር ይገባታል፣ ታያለች።

አላጠፍኩትም።
ጀግንነት አልነበረም፤ ፈራሁ፣ ወይም ደከመኝ፤
አሁንም ሌሊት ሌሊት ያ ያልታጠፈ ጥግ ነው የሚቆረቁረኝ።

ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት...
የተጠራለት ያለቅሳል፣ ያልተጠራለት ስልኩን ያያል፤
የመጨረሻው ብጣሽ ሲዘረጋ «ማትያሽ» ይላል።
የራዲም ልጅ። ቤታቸው
የአባቴ ትልቁ ፕለም በነበረበት ላይ ቆሟል።

ራዲም ወደኔ መጣ። ደስታውን ደብቆ፣ ጫማውን እያየ፣
«ይቅርታ» አለኝ። ለምኑ? ዕጣው ነው እንጂ እሱ ምን ለየ?

ቤት ገብቼ ውሉን አወጣሁ፤
መነጽሬን ወልውዬ እያንዳንዱን ገጽ ገለጥኩ፤
የመንገድ መብራት አለ፤ የእግረኛ መንገድ፣ የአጥር ቀለም፣
የሚተከል ዛፍ በቁጥር፤
«ወንበር» የሚል ቃል የለም።
ጸሐፊ ነኝ፤ ቃል መፈለግ ሥራዬ ነው፤ ደግሜ ፈለግኩ፤
ከታች የራሴን ፊርማ፣ ቆንጆውን፣ አገኘሁ።

ከመስከረም ጀምሮ አፖሌና ሌላ ከተማ ትማራለች፤
አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር፣
ራዲም ወደ ሥራው ሲሄድ ከመኪናው ኋላ ትቀመጣለች።
በመጀመሪያው ቀን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ቀበቶዋን እያሰረች፣
«አያቴ፣ ወንበር አገኘሁ!» አለች።